ለጋምቤላ ሕፃናት ጭቃቸውን መልሱላቸው

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር አገር ይጮሃል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ቁጥሩ 3.2 በመቶ ሆነ፤ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። የሚወቀስ አልጠፋም። አንዱ መምህሩን፣ አንዱ ኩረጃን፣ አንዱ ጦርነትን፣ አንዱ ሚኒስቴሩን ወቀሰ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ተጮኸና ነገሩ ተረሳ። በዓመቱ ደግሞ እንደ አዲስ ተጀመረ።

ከዚህ ሁሉ ጯሂ መካከል የአምስት ዓመት ልጅ ወደሚማርበት ክፍል ጎራ ብሎ ያየ ስንት ነው?

በ2014 ለፈተና የተቀመጠው ተማሪ አንደኛ ክፍል የገባው በ2003 ገደማ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2002፣ በተለያዩ ክልሎች የሕፃናትን የንባብ ችሎታ የሚለካ ጥናት ተካሂዶ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሰው አንዲት ቃል! የዓለም ባንክም በኢትዮጵያ ከአሥር የአሥር ዓመት ልጆች ዘጠኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው እንደማይረዱ ግምቱን አስቀምጧል። ቤቱ የተሰነጠቀው ከጣሪያው አይደለም፤ ከመሠረቱ ነው። መሠረቱ ደግሞ የሚጣለው ከአንደኛ ክፍል በፊት ነው።

ይህን በደንብ ለማየት ከጋምቤላ የተሻለ ቦታ የለም። አገሪቱ ያሉባት የትምህርት ችግሮች ሁሉ እዚያ ተሰብስበው ይገኛሉ። ብዙ ቋንቋ አለ፤ መፈናቀል አለ፤ ስደተኛ አለ፤ ግጭት አለ፤ የባሮ ወንዝ ሙላት አለ፤ በበጋ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት አለ። መፍትሔውም ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚያ ቅርብ ነው፤ በወንዙ ዳር፣ በልጆቹ እጅ ውስጥ ነው ያለው። ክርክሩ አጭር ነው፦ ሕፃን በጨዋታ ይማር። ይህም የድርጅት ፕሮጀክት መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት መደበኛ ሥራ ይሁን።

■ ዜሮ ክፍል እውነትም ዜሮ ሆነ

ትምህርት፣ ጤናና ሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በ2002 ዓ.ም. በጋራ የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። መዋዕለ ሕፃናት መክፈል ለማይችለው ለሰፊው ሕዝብ ከመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጋር የተያያዘ የአንድ ዓመት መዘጋጃ ክፍል ተከፈተ። "ኦ ክፍል" ተባለ፤ ሕዝቡ "ዜሮ ክፍል" አለው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአገር ደረጃ የቅድመ መደበኛ ተማሪዎች ቁጥር ከመቶ ሺዎች ወደ ሚሊዮኖች ዘለለ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሊመሰገን ይገባል።

በሩ ሲከፈት ግን ውስጡ አልተዘጋጀም ነበር። ከአንደኛ ክፍል አንድ ክፍል ተቆርሶ ተሰጠ። የአንደኛ ክፍል አግዳሚ፣ የአንደኛ ክፍል ሰሌዳ፣ የአንደኛ ክፍል አስተማመር ወደ ታች ወርዶ አምስትና ስድስት ዓመት በሆናቸው ልጆች ላይ ተጫነ። ብዙ ቦታ ለዚህ ዕድሜ የሠለጠነ መምህር አልተመደበም።

ቀሪው ለማንም የሚታወቅ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሕፃናት ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። መምህሩ ወይም መምህሯ ፊደል ትጠራለች፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይደግማሉ። ቁጥር ትጠራለች፤ ይደግማሉ። ከሩቅ ለሚሰማው ደስ ይላል፤ "ልጆቹ እየተማሩ ነው" ያሰኛል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ከኋላ ያሉት አፋቸው እንጂ ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ የለም። አንዱ እንቅልፍ ይዞታል። አንዱ የጓደኛውን አዝራር እየቆጠረ ነው። በዚያ ሰዓት በዚያ ክፍል ውስጥ ሒሳብ እየተማረ ያለው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱም ከተያዘ "ዝም ብለህ ተቀመጥ!" ይባላል።

አሁን ነገሩ ከምንጊዜውም በላይ አሳሳቢ ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቅድመ አንደኛ ትምህርትን ሁለት ዓመት አድርጎታል፤ ነፃና ግዴታም ነው። ግዴታ የሚለው ቃል ሁለት ወገን አለው። ወላጅ ልጁን የመላክ ግዴታ አለበት፤ መንግሥትም ልጁ የተላከበትን ነገር የማቅረብ ግዴታ አለበት። ውስጡ ሳይለወጥ ዓመቱ ብቻ ከተጨመረ ሕፃኑ የሚያገኘው የአንድ ዓመት መሰልቸት ሳይሆን የሁለት ዓመት መሰልቸት ነው። ትምህርት ቤት ማለት ዝም ብሎ መቀመጥና ያልገባን ነገር መድገም እንደሆነ በአምስት ዓመቱ የተማረ ልጅ፣ ያንን ትምህርት እስከ 12ኛ ክፍል ይዞት ይሄዳል።

■ ጨዋታ ሲባል ልጅን መልቀቅ አይደለም

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" ይባላል። "የእቃ እቃ ጨዋታ" ማለትም ስድብ ሆኗል፤ ቁም ነገር የሌለው ነገር ማለት ነው። ስለዚህ "ሕፃናት በጨዋታ ይማሩ" ሲባል ብዙ ሰው የሚሰማው "ሕፃናት አይማሩ" ተብሎ ነው። ጨዋታ ተኮር ማስተማር ግን ልጆችን ሜዳ ላይ ለቅቆ ጥላ ሥር መቀመጥ አይደለም። እንዲያውም ከማስደገም ይልቅ ለመምህሩ ይከብዳል፤ ማቀድና ማየት ይጠይቃል፤ በልኩ መጠየቅም ይፈልጋል።

ምን እንደሚመስል በምሳሌ ማየት ይቻላል።

ልጆች ገበጣ ይጫወታሉ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ጠጠር እየጣሉ ይሄዳሉ። አንድ ልጅ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብሎ በቃሉ መጥራቱ መቁጠር አይደለም። መቁጠር ማለት አንድ ቁጥር ለአንድ ነገር መስጠት ነው። በቃሉ እስከ ሃያ የሚጠራ፣ ነገር ግን ሰባት ጠጠር አምጣ ሲባል እፍኝ ሙሉ የሚያመጣ ልጅ ሞልቷል። ገበጣ ይህን ክፍተት ያለ ንግግር ይሞላል።

ልጆች ገበያ ይጫወታሉ። አንዷ ዓሣ ሻጭ፣ አንዱ በቆሎ ሻጭ፣ ሌሎቹ ገዢ። ቅጠል ብር ይሆናል። መደመርና መቀነስ አለ፤ ተራ መጠበቅ አለ፤ መከራከርና መስማማት አለ። ከሁሉም በላይ ቋንቋ አለ።

መምህሯ ቃል ትሰጣቸውና በጭብጨባ ይከፋፍሉታል። "ባሮ" ሁለት ጭብጨባ ነው። "ጋምቤላ" ሦስት። ይህ ቀልድ ይመስላል፤ ግን የንባብ ሥሩ እሱ ነው። ቃል ከድምፆች የተሠራ መሆኑን በጆሮው ያልያዘ ልጅ ፊደል ቢቆጥር ፊደሉን ከቃሉ ጋር የሚያገናኝበት ድልድይ የለውም። በ2002 ጥናት ላይ አንዲት ቃል ማንበብ ያቃታቸው ልጆች ፊደል ጨርሶ ሳያዩ የቀሩ አልነበሩም፤ ሁለት ዓመት ሰሌዳ ፊት ተቀምጠዋል።

ልጆች ጭቃ ያቦካሉ። ጣታቸው ይጠነክራል፤ ነገ እርሳስ የሚይዘው ያው ጣት ነው። ከጭቃው ላም ይሠራሉ። መምህሩ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ "ስንት ላም ሠራህ? ሁለቱ ወንዝ ቢሻገሩ ስንት ይቀሩሃል? ይቺኛዋ ከዚያችኛዋ በምን ትለያለች?" ይላል። ከማስደገም ጋር ያለው ልዩነት ይህ ነው። በማስደገም አርባ ልጅ አንድ መልስ ይሰጣል፤ ማን እንዳወቀና ማን እንዳላወቀ አይታወቅም። በጨዋታ እያንዳንዱ ልጅ ያለበት ደረጃ እጁ ላይ ይታያል።

■ የጋምቤላ ሕፃን ባዶ ሆኖ አይመጣም

እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ምሁር ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1930ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በኑዌር ሕዝብ መካከል ኖሮ ባጠናው ሥራው ላይ ሕፃናቱ በጭቃና በእርጥብ አመድ ትንንሽ የከብት በረት እንደሚሠሩ፣ በረቱን በጭቃ ላሞችና በሬዎች እንደሚሞሉ፣ ከዚያም እረኝነትና ጋብቻ እየተጫወቱ እንደሚውሉ ጽፏል። የኑዌር ቋንቋ የከብትን ቀለምና ምልክት ለመለየት ያለው የቃላት ብዛትም በዚሁ ጥናት በዓለም ታውቋል።

ይህን በትምህርት ቋንቋ እንመልሰው ከተባለ፣ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነገሮችን በቀለም፣ በቅርጽና በመጠን ይመድባል፤ ይቆጥራል፤ በምልክት ሌላ ነገር ይወክላል፤ ታሪክ ይፈጥራል። የቅድመ መደበኛ ሥርዓተ ትምህርት ሊያስተምረው የሚፈልገውን ነገር ግማሹን ይዞ ነው ትምህርት ቤት ደጃፍ የሚደርሰው። በሩ ላይ ግን "እጅህን ታጠብ፤ ግባ፤ ቁጭ በል፤ ድገም" ይባላል። ትናንት ላሞችን በመልካቸው አንድ በአንድ ይለይ የነበረ ልጅ ዛሬ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት "ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ" እያለ ይደግማል። ይህ ማስተማር ሳይሆን የነበረውን መንጠቅ ነው።

ኑዌር ብቻ አይደለም። በባሮ፣ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች ዳር የሚኖረው የአኙዋ ልጅ ከዓሣና ከበቆሎ ማሳ ጋር ያድጋል። የማጃንግ ልጅ የጫካውን ዛፍና የንብ ቀፎውን ያውቃል። ከተማ ውስጥ የተወለደው ልጅ ደግሞ ሰኞ ማክሰኞ፣ ቅልብልቦሽ፣ ድብብቆሽና የጨርቅ ኳስ አለው። ይህ ሁሉ ሀብት ትምህርት ቤቱ አጥር ውጪ ቆሞ ይቀራል፤ ውስጥ ያለው መምህር ደግሞ "የማስተማሪያ መሣሪያ የለም" ብሎ ሪፖርት ይጽፋል።

■ አምስት ሕዝብ፣ አንድ ክፍል

በክልሉ አኙዋ፣ ኑዌር፣ ማጃንግ፣ ኦፖና ኮሞ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ከሌላው የአገሪቱ ክፍል የመጣውም ሕዝብ ብዙ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። አኙዋኛ፣ ኑዌርኛና ማጃንግኛ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ይሠራባቸዋል። በገጠሩ ቀበሌ ነገሩ ይቀልላል፤ ክፍሉ አንድ ቋንቋ ይናገራል። ጋምቤላ ከተማ ላይ ግን በአንድ አግዳሚ ላይ ሦስት አራት ቋንቋ ይቀመጣል።

በእንዲህ ያለ ክፍል ማስደገም ምን ይሠራል? የመምህሩን ቋንቋ የሚያውቀው ልጅ ይከተላል፤ የማያውቀው ድምፁን ብቻ ይቀዳል። ጨዋታ ግን አስቀድሞ አስተርጓሚ አይጠይቅም። ጠጠር በሁሉም ቋንቋ ጠጠር ነው። ልጆቹ እየተጫወቱ አንዱ የሌላውን ቃል ይለቅማል። ጋምቤላ ገበያ ውስጥ ነጋዴው ሦስት ቋንቋ የሚያቀላጥፈው ሰዋስው ተምሮ አይደለም፤ ሲገዛና ሲሸጥ ነው። ሕፃናቱም እንዲሁ ናቸው።

ከቋንቋው ጀርባ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ፍርሃት። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ድንበር ተሻግረው የመጡ የሙርሌ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን ከ200 በላይ ሰዎች ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናትን አፍነው ወሰዱ። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. በራሷ በጋምቤላ ከተማ ውስጥ ተኩስ ተከፍቶ ሰው ሞተ። በሕዝቦች መካከል የተነሱ ግጭቶችም በተለያየ ጊዜ መንገድ ዘግተዋል፣ ትምህርት ቤት ዘግተዋል። በዚያው ክልል ኩሌ፣ ቴርኪዲ፣ ጀዊ፣ ፑኝዶና ሌሎችም መጠለያዎች ውስጥ በደቡብ ሱዳን ጦርነት የተሰደዱ ከ300 ሺህ በላይ ሰዎች ይኖራሉ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ ራሱ ከ300 ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ነበር።

እንዲህ ያለውን ነገር ያየ ወይም በቤቱ ሲወራ የሰማ የአምስት ዓመት ልጅ "ምን ሆነሃል?" ቢባል አይመልስም። በጨዋታ ግን ያወጣዋል። ቤት ሠርቶ ያፈርሳል፤ መልሶ ይሠራል። የአኙዋውና የኑዌሩ ልጅ አንድ የጨርቅ ኳስ ሲራገጡ አዋቂዎቹ በስብሰባና በእርቅ መድረክ ያላገኙትን ነገር ያገኛሉ። ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን አስቀምጦ አንድ መስመር ማስደገም አብሮ መኖርን አያስተምርም። ጎን ለጎን መቀመጥና አብሮ መጫወት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

■ "ይህ የሀብታም አገር ወሬ ነው"

ይህ የተለመደ መልስ ነው። ማስረጃው ግን ከሀብታም አገር ብቻ አይደለም የመጣው።

በ1986 እና 1987 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በጃማይካ ዋና ከተማ ኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች ውስጥ በምግብ እጥረት ቁመታቸው የቀጨጨ 129 ሕፃናት ተመረጡ። ለተወሰኑት የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች በሳምንት አንድ ጊዜ እየሄዱ እናትየዋ ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወት፣ እንዴት እንደምታወራ አሳዩ። መጫወቻው ውድ አልነበረም፤ ከተጣለ ዕቃ ቤት ውስጥ የተሠራ ነበር። ይህ ለሁለት ዓመት ቆየ። ከሃያ ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች ጎልምሰው ሥራ ሲይዙ ጥናቱ ተከታተላቸው። ጨዋታውን ያገኙት ካላገኙት 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው። ውጤቱ በ2014 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በታወቀው ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። ይህ የሀብታም ወሬ ነው? የድሃ ልጅ ታሪክ ነው እንጂ።

"ክፍሉ በሰማንያ ልጅ ተጨናንቆ እንዴት ጨዋታ?" የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሰማንያ ልጅ በአንድ ክፍል መኖሩ ራሱ መስተካከል ያለበት ነው። እስኪስተካከል ድረስ ግን ሰማንያ ልጅን በማስደገም ማስተማር ይቻላል የሚለው ከየት መጣ? ውጤቱ ታይቷል። ሰማንያ ልጅ በዛፍ ጥላ ሥር አሥር ቡድን ይሆናል። ከፍ ያሉት ዝቅ ያሉትን ያግዛሉ። በ40 ዲግሪ ሙቀት ቆርቆሮ ሥር ከመታፈንም የዛፍ ጥላ ይሻላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባህል ይነሳል። "አባቶቻችን ፊደል የቆጠሩት በመድገም አይደለም ወይ?" ይባላል። አዎ፣ በቄስ ትምህርት ቤት በመድገም ነው። ነገር ግን የቄስ ትምህርት ቤትን በደንብ ያየ ሰው ሌላም ነገር ያያል። እያንዳንዱ ሕፃን የራሱን ፊደል ገበታ ይዞ፣ በስንጥር እያመለከተ፣ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። አንዱን መስመር ሳያውቅ ወደ ሌላው አይሻገርም። ከፍ ያለው ተማሪ ለጀማሪው ያስቆጥራል። የኔታ እያንዳንዱ ልጅ የት እንደደረሰ ያውቃሉ። የዛሬው ዜሮ ክፍል ከዚያ ሥርዓት የወረሰው ጩኸቱን ነው፤ ስልቱን ጥሎታል። ባህል ጠቅሶ የሚከራከር ሰው ባህሉን ሙሉውን ይጥቀስ።

አራተኛው ተቃውሞ የወላጅ ነው፤ በክብር መስማት የሚገባውም ይህ ነው። ወላጅ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ያያል። የተጻፈበት ነገር ካለ "ተምሯል" ይላል፤ ልብሱ ላይ ጭቃ ካለ "ሲጫወት ዋለ" ይላል። አዲስ አበባ ያለው ባለገንዘብም ከዚህ አይለይም። ለአራት ዓመት ልጁ የቤት ሥራና የእንግሊዝኛ ፈተና ያለውን መዋዕለ ሕፃናት ፈልጎ፣ ብዙ ብር ከፍሎ ያስገባል። መደበኛ ትምህርት በሰባት ዓመት የሚጀመርባት ፊንላንድ በትምህርት ጥራቷ ዓለም የሚያውቃት አገር መሆኗን ማንም አይነግረውም። ጋምቤላ ያለው ወላጅ፣ ምናልባት ራሱ የመማር ዕድል ያላገኘ፣ ልጁ ቶሎ ፊደል እንዲያውቅለት ቢቸኩል ምን ይፈረድበታል?

ይህን ችግር ጋናም አይታዋለች። በአክራና አካባቢዋ በ240 ትምህርት ቤቶች በተደረገ ጥናት የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን በጨዋታና በተሳትፎ የማስተማር ሥልጠናና ክትትል ሲያገኙ የልጆቹ ችሎታ ተሻሻለ። ከመምህራኑ ሥልጠና ጋር ለወላጆች ፊልም እያሳዩ ስብሰባ በተደረገባቸው ትምህርት ቤቶች ግን፣ ማንም ባልጠበቀው ሁኔታ፣ ያ መሻሻል ጠፋ። ወላጅን በሁለት ሦስት ስብሰባ ማሳመን አይቻልም ማለት ነው፤ ይባስ ብሎ ሊያስደነግጠው ይችላል። ወላጅ የሚያምነው በዓይኑ ሲያይ ነው። ልጁ ሰባት ጠጠር ለይቶ ሲያመጣለት፣ በገዛ ቋንቋው ታሪክ ሲያወራለት፣ ያኔ ጭቃውን ይቅር ይላል።

■ የፕሮጀክት በሽታ

ጨዋታ ተኮር ትምህርት ለጋምቤላ እንግዳ ነገር አይደለም። የዴንማርኩ ሌጎ ፋውንዴሽን በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ለስደተኛና ለተቀባይ ማኅበረሰብ ልጆች የሚውል 100 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰጥ አስታወቀ። "ፕሌይ ማተርስ" የተባለው ፕሮጀክት ከዚህ ተነሳ። ጋምቤላም ከደረሰባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። በመጠለያዎቹ ውስጥም ለሕፃናት የተለዩ የመጫወቻና የመማሪያ ቦታዎች በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ድጋፍ ሲሠሩ ኖረዋል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ችግሩ ግን ነገሩ የእንግዳ ሆኖ መቅረቱ ነው። ጨዋታ ሲነሳ "የድርጅቱ ነው" ይባላል። ሥልጠናው በሆቴል አዳራሽ ይሰጣል፤ አበል ይከፈላል፤ ፎቶ ይነሳል። መጫወቻው በሳጥን ተቆልፎ ይቀመጥና እንግዳ ሲመጣ ይወጣል፤ እንግዳው ሲሄድ ይቆለፋል። መምህሩ በሥልጠናው ላይ ያጨበጨበውን ነገር ክፍሉ ሲገባ ይተወዋል፤ ምክንያቱም ወረዳው የሚጠይቀው እሱን አይደለም። ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ የሚያየው የተሞላ ደብተር፣ የተጻፈበት ሰሌዳና ጸጥ ያለ ክፍል ነው። ሕፃናት የሚያወሩበት፣ የሚንቀሳቀሱበት፣ ጠጠር የተበተነበት ክፍል ያለው መምህር "ሥርዓት የለውም" ተብሎ ይመዘገባል። ሰው በሚመዘንበት ነገር ይሠራል። መለኪያው ሳይለወጥ ሥልጠና ቢደረድሩ የሚለወጥ ነገር የለም።

የእንግዳ ነገር ደግሞ እንግዳው ሲሄድ ይሄዳል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ባገደ ጊዜ በስደተኞች መጠለያ ያሉ አገልግሎቶች እንዴት እንደተናጉ ታይቷል። ፕሮጀክት መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ ልጅ ግን በየዓመቱ አምስት ዓመት ይሞላዋል። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛው ልጅ በቅድመ አንደኛና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከኢትዮጵያዊው ልጅ እኩል እንዲስተናገድ ይላል። እኩልነቱ በማስደገም እኩል መሆን ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ሁለቱም ልጆች እኩል ይጫወቱ፤ እኩል ይማሩ።

■ ታዲያ ማን ምን ያድርግ?

መጀመሪያ መለኪያው ይለወጥ። የክልሉ ትምህርት ቢሮ የሱፐርቪዥን ቅጹን ያስተካክል። በዜሮ ክፍል ውስጥ የሚጠየቀው "ስንት ገጽ ተጻፈ?" መሆኑ ቀርቶ "ስንት ልጅ ተናገረ? ስንት ልጅ በእጁ ሠራ? ስንት ልጅ ሰባት ጠጠር ቆጥሮ ማምጣት ይችላል?" ይሁን። ለዚህ ብዙ በጀት አያስፈልግም። ወረቀቱ ላይ ያለው ጥያቄ ይቀየር፤ ክፍሉ ይቀየራል።

ሁለተኛ መምህሩ። ዜሮ ክፍል ለሌላ ክፍል ያልተፈለገ ሰው የሚጣልበት መሆኑ ይቅር። ከሁሉ የበለጠ ችሎታ የሚጠይቀው ያ ክፍል ነው። በክልሉ ያለው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ዕጩ መምህራኑን ስለ ጨዋታ ንግግር አስጽፎ ከመሸኘት ይልቅ ሕፃናት ፊት አውጥቶ ያለማምዳቸው። ምደባው የልጆቹን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይሁን፤ ቅጥሩ ቋሚ ይሁን፤ ደሞዙ በወቅቱ ይከፈል። ያልተከፈለው መምህር ከልጅ ጋር ቁጢጥ ብሎ ላም አይቆጥርም።

ሦስተኛ መሣሪያው። ከዴንማርክ የሚመጣ ፕላስቲክ አያስፈልግም። ጭቃ አለ፣ ጠጠር አለ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ አለ፣ ቅል አለ፣ የለስላሳ ቆርኪ አለ፣ ጨርቅ አለ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ሰው ነው። ተረት የምታውቅ አያት፣ መረብ የሚሠራ ዓሣ አጥማጅ፣ ሸክላ የምትሠራ እናት፣ ከብት የሚያውቅ ሽማግሌ በሳምንት አንድ ቀን ክፍሉ ይጋበዙ። ትምህርት ቤቱና መንደሩ የተለያዩ ዓለሞች መሆናቸው ያኔ ይቀራል።

አራተኛ ወላጅ። ለስብሰባ አይጠራ፤ ለማየት ይጠራ። በወር አንድ ቀን ወላጅ ልጁ አጠገብ ተቀምጦ አብሮ ይጫወት። ፊደልም አይቅር፤ ማንም ፊደል ይቅር አላለም። ፊደሉ በጭቃ ይሠራ፣ በአሸዋ ላይ ይጻፍ፣ በራሱ በልጁ ስም ይጀመር። ወላጁ ልጁ ስሙን አሸዋ ላይ ሲጽፍ ካየ ሌላ ማስረዳት አያስፈልገውም።

እነዚህ አራት ነገሮች ከሚኒስትሮች ምክር ቤት አዲስ ውሳኔ አይጠብቁም። ሕጉ አለ፤ ፖሊሲው አለ፤ ጭቃው አለ። የጎደለው የሕፃን ጨዋታ ቁም ነገር ነው ብሎ የሚያምን አዋቂ ነው።

ዘንድሮ ጋምቤላ ውስጥ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ 12ኛ ክፍል ሲደርስ አገር እንደ ልማዷ ትጮኻለች። ያኔ የሚወቀስ ሰው ከመፈለግ ዛሬ ክፍሉን መክፈት ይሻላል። "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" ያለው ተረት ለእራቱ እውነት ይሆናል። ለእራት ባይበቃም፣ ልጁ ያቦካው ጭቃ ልጁን ራሱን ይሠራዋል። ጭቃውን መልሱለት።